ያልቀላው ክንድ

ጡረታ የወጣ የሳይንስ አስተማሪ ሥራ አያጣም፤ ካጣም ፈልጎ ያገኛል። ሆስፒታሉ ለአንድ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ ሰምቼ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? ጎረቤቴ ጋሽ አውራ ጣት!

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ቦርሳና ቀበቶ የሚሠሩ የቆዳ ባለሙያ ናቸው። ቆዳ ሲገዙ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። «ይቺ ከመታረዷ በፊት ታማ ነበር» ካሉ አለቀ፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይሰሙትም።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«የመጣሁት በልጄ ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ምን ብሰማ ጥሩ ነው? የሙሽራይቱ ወንድም የአእምሮ ሕመምተኛ ነው! ስኪዞ... ምንትስ ይሉታል። እሷ ለልጄ ነግራዋለች፤ የደበቀኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣዎት?»

«እሷ እዚሁ ነርስ ናት። ቆዳ ላይ ወረቀት እየለጠፉ እብደት በዘር መኖሩን ይለያሉ አሉኝ። ቆዳው ከቀላ ደህና፣ ካልቀላ ዘሩ የተበላሸ። እዚሁ ፊቴ ክንዷን ትዘርጋ፤ ካልቀላ ሠርጉ ቀረ! ቆዳ አይዋሽም መምህር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ደነገጥኩ። የሰው ልጅ እንደ ሙክት ቆዳ ተዳብሶ ሊመረጥ ነው! ወዲያው በሩ ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ብቅ አለች፤ ሙሽራይቱ ራሷ ናት።

«አባባ! እንደምን አደሩ?» ብላ እጅ ነሳች።

እሳቸው ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሐሳባቸውን ዘረገፉላት። ወደ ክፍሉ አስገባችንና በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ ክንዴን ማየት ከፈለጉ አልከለክልዎትም። ግን ቢቀላም ባይቀላም የሚፈልጉትን አይነግርዎትም» አለች።

«እንዴት ሆኖ?»

«ወረቀቱ የተነከረው ከቫይታሚን ወገን በሆነ ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው ላይ ሲለጠፍ ደም ወደዚያ ይመጣል፤ ቆዳው ይሞቃል፣ ይቀላል። ይህ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከፊሎቹ ላይ ግን መቅላቱ ይደክማል። ጤነኛ ከሆኑ ወንድም እህቶቻቸውም አንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ ነው። በዘር የሚተላለፍ ምልክት ይሆን እንዴ ብለን የምናጠናው ለዚህ ነው። ግን ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የማይቀላ አለ፤ ታሞም የሚቀላ አለ።»

«ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?»

«ይስባል አባባ። መሳብና መጣል ግን አንድ አይደሉም። ወንድሙ የታመመ ሰው ስጋቱ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ወንድም እህቶች በዚህ ሕመም አይያዙም።»

እኔም ጣልቃ ገብቼ የእሷን ቃል አጠናከርኩ። ጋሽ አውራ ጣት ግን እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል።

«እንግዲያው ለእኔ ለጥፊልኝ! ንጹሕ ዘር ምን እንደሚመስል ተመልከቺ!»

«መጀመሪያ ቅጹን እንሙላ። በቤተሰብዎ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?»

«የለም!»

«በዚህ ሳምንት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ወስደዋል?»

«እኔ? ክኒን? ጉድ እኮ ነው! አልወሰድኩም።»

ጎን ለጎን ተቀመጥን። በክንዳችን ውስጠኛ በኩል ትናንሽ ወረቀቶች ለጠፈችልንና የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አነሳቻቸው። የእኔ ክንድ ሞቆ እብጥ እብጥ ብሏል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በዓይን ብቻ ስለማይለይ የደሙን መምጣት በትንሽ መሣሪያ ለካች፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ።

የእሳቸው ክንድ እንዳለ ነው። ቁጥሩም ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ አውራ ጣት ዓይናቸውን ጨፍነው የገዛ ክንዳቸውን ዳበሱ። ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ድገሚልኝ» አሉ። በሌላኛው ክንድ ደገመች። ምንም የለም።

ልጅቷ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቀደሟት። «ተይው ልጄ። ቆዳዬ አጋለጠኝ። በእኔም ቤት የታመመች አለች፤ እህቴ ናት።»

«የትኛዋ እህትዎ?» አልኩ።

«አንተ ያስተማርካት ናታ!» አሉ፤ ከድንጋጤ የተነሳ አንቱታውን ረሱት።

ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ሆነ። እኔ ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን የምትነግረኝ ተማሪዬ! ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «አግብታ ሩቅ አገር ሄደች» ብለውን እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ነበር።

«ድምፅ ይሰማኛል ማለት ጀመረች። የሰው አፍ ፈራሁ። ከሱቄ ጀርባ፣ ቆዳ ከማስቀምጥበት አጠገብ ባለችው ክፍል ናት። በሩን የምቆልፈው ከውጭ ነው። ልጄንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።»

ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጬ ቦርሳዬ ሲጠገን ስንት ጊዜ ጠብቄአለሁ! አንድ ቀን ሳል ሰምቼ ብጠይቅ «ሬዲዮ ነው» አሉኝ። እኔም የተማርኩት ሰውዬ አመንኩ። ያን ያህል ዘመን አፍንጫዬ ሥር! እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እሱም ያውቃል? የወንድሜን ነገር እያለቀስኩ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ?»

«መደበቅን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

እንባዋን ጠረገች። የሥራ ነገር ሆኖባት ግን ጥያቄዋን አልረሳችም። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ክኒን አልወሰዱም?»

ከኪሳቸው የአስፕሪን ፍሬ አወጡ። «ጠዋት ጠዋት ሁለት። ለጉልበቴ ነው። ወንድ ልጅ አመመኝ ብሎ ያወራል?»

«አስፕሪን መቅላቱን ሊያግደው ይችላል! ክንድዎ ስለ ዘርዎ ምንም አልተናገረም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የሰው ዘር ሊመረምሩ መጥተው የራሳቸውን ጓዳ ከፍተው አረፉት።

«ታዲያ በከንቱ ነዋ የተናገርኩት!»

«በከንቱማ አይደለም» አለች። «ይህን ወረቀት በውሸት ሞልተን ብንሄድ ጥናቱ ይበላሽ ነበር፤ እህትዎም እዚያው ትቀር ነበር። ወንድሜ በታመመ በሦስተኛው ወር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ክፉ ቀን የለውም አልልዎትም፤ አለው። ግን ክፉ ቀኑን ብቻውን አያሳልፈውም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላስ ይጠቅማታል?»

«እንደ ወንድሜ ትሆናለች ብዬ ቃል አልገባም። ሐኪም ያያታል፤ ሕክምና ዘግይቶም ቢሆን ይረዳል። ፀሐይ ታገኛለች፣ ሰው ታገኛለች።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ ለራሳቸው። «እኔስ አሁን ምን አፍ አለኝና ምራቴ ሁኚ ልበልሽ?»

«ልጅዎ ለእኔ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ እሱ የእኔና የእሱ ነው። እርስዎ ግን አሁኑኑ ሄደው በሩን ይክፈቱ።»

ሦስታችንም አብረን ሄድን። ዓይን ተጨፍኖ እንኳ የማይስተው ያ አውራ ጣት የቁልፉን ቀዳዳ ማግኘት አቃተው፤ ከእጃቸው ተቀብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተማሪዬ ብርሃኑን በእጇ ከልላ አየችኝ። ጸጉሯ ሸብቷል። ልጅቷ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻትና በቀስታ ወደ ውጭ አወጣቻት።

ሠርጉ አልቀረም፤ በሁለት ወር ብቻ ተራዘመ። ሙሽራው ብዙ ይቅርታ ጠየቀ። ተማሪዬ መድኃኒት ጀምራ አሁን ሱቁ በር ላይ ክር ትመርጣለች፤ አንዳንድ ቀን ትናገራለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች። የሰፈሩ ወሬ አንድ ሳምንት ጮኾ ደከመው። ይልቁንስ ሁለት ጎረቤቶች የሚደብቋቸውን ሕመምተኞች ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህን ስትድር ዘር ከመቁጠርህ በፊት የቆለፍከውን በር ቁጠር። ሳይንስም ምልክት ቢያገኝ ቶሎ እንድንረዳዳ ነው እንጂ አጥር እንድናጥር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለቦርሳዬ ሄጄ «ጋሼ፣ ቆዳ አይዋሽም ይሉ አልነበር?» ብዬ ተረብኳቸው።

እህታቸውን ቀና ብለው አዩና አንገታቸውን ወደ ስፌታቸው መለሱ።

«አይዋሽም መምህር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»