ውጤቱ እስኪደርስ

እትዬ ምስጢር ወደ ሆስፒታል የሄዱት ለመነጽራቸው ነበር። የዓይን ሐኪሙ ጨርሶ ካሰናበታቸው በኋላ ግድግዳውን እየተደገፉ በኮሪደሩ ሲወጡ፣ "የጡት ሕክምና" የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት በር ተከፈተና የወንድማቸው ልጅ ብቅ አለች። ቀኝ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ ይዛ ነበር።

እትዬ ምስጢር የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ምክንያት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ሆነው ሲሠሩ የስንቱን ጠብ፣ የስንቱን ፍቅር በጆሯቸው ሰምተው፣ ከአፋቸው አንዲት ቃል ሳታመልጥ ጡረታ ወጡ። ይህ የሚያስከብር ጠባይ ነው። ነገር ግን በሥራ ቦታ ያስመሰገነ ጠባይ ወደ ቤት ሲገባ ሁልጊዜ አይመችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችው ልጅ የጡት ካንሰር ይዟት ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "ጨጓራዋን አሟት ነው" ብለው ያስወሩት፣ ጠያቂውንም ከደጅ የመለሱት እሳቸው ነበሩ።

"አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ናሙና ሰጥቼ መውጣቴ ነው አክስቴ። በቀረው ጡቴ ላይ እብጠት አገኙብኝ። በመርፌ ወስደዋል፤ ውጤቱ በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል።"

አሮጊቷ ግራ ቀኙን ቃኙ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ለዚሁ ጉዳይ የመጣ ነው።"

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ፈገግ አለች። እትዬ ምስጢር ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ልጅቷን በክንዷ እየጎተቱ ወጡ።

ልጅቷ የመኪና አሰልጣኝ ናት። አክስቷን ወደ ቤታቸው ልትሸኝ፣ ጣሪያው ላይ "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ ባለው መኪናዋ አሳፈረቻቸው። እትዬ ምስጢር የተቀመጡት አሰልጣኝ በሚቀመጥበት ወንበር ነው፤ ከእግራቸው ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ።

"እንግዲህ እንዳለፈው ጊዜ በዝምታ እናሳልፈዋለን" ብለው ጀመሩ። "ለማንም ትንፍሽ አትበዪ። ሥራሽን ተዪና እኔ ቤት ጋደም በዪ።"

"አክስቴ፣ ለእኔ ብለው የደከሙትን ድካም አልረሳውም። ግን ያን ጊዜ በዝምታ ያሳለፉት እርስዎ ነዎት። እኔማ መጋረጃ ተጋርዶልኝ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ ደጅ ላይ ስለ ጨጓራዬ ሲወራ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ስሙ የማይጠራ በሽታ ከያዘኝማ አልቆልኛል ብዬ ደመደምኩ። ሐኪሙ 'ይድናል' እያለ ሲያስረዳኝ እንኳ ልሰማው አልቻልኩም።"

እትዬ ምስጢር ደነገጡና ፍሬኑን ረገጡ። መኪናው ቀጥ አለ። ከኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩምባውን ያስጮህ ጀመር።

"እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ያንሱልኝ" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "ለዛሬ ሾፌሯ እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ እግራቸውን ሰብስበው፣ "ቢሆንስ፣ ስላወራሽው ይቀልሻል?" አሉ። "ይበልጥ ናላሽን ነው የሚያዞረው። አለማሰብ ነው የሚበጅሽ።"

"አታስቢ ስባል ከእሱ በቀር የማስበው ነገር አይኖረኝም። ለማጆቼ መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያዩ ዓይናቸውን እሱ ላይ ይተክላሉ፤ እጃቸውም ዓይናቸውን ተከትሎ ወደዚያው ይሄዳል። ጉድጓድ የለም ብዬ አልዋሻቸውም። አይታችሁታል፣ አሁን የምትሄዱበትን እዩ እላቸዋለሁ።"

"ታዲያ አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው?"

"ከምሳ በኋላ ሻይ ስጠጣ ለፍርሃቴ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ይቀመጣል። 'ዛሬ ምኑ ነው ያስፈራሽ?' ይለኛል። መድኃኒቱን፣ የፀጉሬን መርገፍ፣ የልጄን ነገር፣ የመጣልኝን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ማልቀስ ካማረኝም አለቅሳለሁ። ሻዩ ሲያልቅ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ። በሌላ ሰዓት ሲመጣብኝ 'ሻይ ላይ እንገናኝ' ብዬ እሸኘዋለሁ።"

"ለፍርሃት ቀጠሮ!" አሉ እትዬ ምስጢር። "ሳይመጣ ቢቀርብሽስ?"

"ከቀረማ እሰየው! ሻዬን ብቻ ጠጥቼ እነሳለሁ።"

አሮጊቷ ሳይወዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቢሆንም ገና አልተሸነፉም። "ወሬሽ የሰው መጫወቻ ይሆናል። ምስጢር የሚጠበቀው ለዚህ ነው።"

ልጅቷ መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመችና ወደ አክስቷ ዞረች። "እስቲ ይንገሩኝ፤ ማዞሪያው ላይ ሲሠሩ የሰሙት ምስጢር የማን ነበር?"

"የደዋዩ ነዋ! የእኛ አልነበረም።"

"ደዋዩ ራሱ ጉዳዩን ላውራ ቢልስ፣ አታወራም ይሉት ነበር?"

"ምን መብት አለንና?"

"እንግዲያው አክስቴ፣ ይህ ምስጢር የእኔ ነው።"

 ሲኮሩበት የኖሩት የሥራ ሕግ ዞሮ ከልጅቷ ጎን ቆመባቸው። ደጃቸው ላይ ስትሰናበታቸው "ነገ ሻዩን እኔ አፈላለሁ" አሉ።

በማግስቱ ለሻዩ ወደ ልጅቷ ቤት ተያይዘው ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ለማጅ ሊሳፈር ነበርና አሮጊቷ ወደ ኋላ ወንበር አለፉ። ለማጁ ሥጋ ሻጭ ነው፤ መሪው ከመዳፉ ሥር የሚጠፋ ግዙፍ ሰው። አሰልጣኟ ገና ቀበቶውን ሳያስር፣ "የምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፤ ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ይነግሩኛል። ሐሳቤ የሄደ ከመሰለህ ጥራኝ" አለችው። እትዬ ምስጢር ከኋላ ነጠላቸውን ጨበጡ።

ሰውዬው ወደ እሷ ዞሮ፣ "ፈጣሪ ይርዳሽ እህቴ" አለ። "እኔም የልቤን ልንገርሽ፤ በሬ ያልፈራሁ ሰው አደባባይ እፈራለሁ። ሁለት ጊዜ ፈተና የወደቅሁት እዚያ ነው።"

"ጥሩ። ሁለታችንም የምንፈራውን አውቀናል፤ ቀስ ብለን እንሂድ።"

አደባባዩ ላይ ሰውዬው ፍሪሲዮኑን ሳይረግጥ ማርሽ ሊለውጥ ሲታገል መኪናው ተንገጫግጮ ሞተሩ ጠፋ። እትዬ ምስጢር ያዩት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ልጅቷ ፍርሃቱ መጥቶባት ቀኝ ጎኗን በመዳፏ ይዛለች። እሷ ግን አልደበቀችውም። በረጅሙ ተነፈሰች፣ አየሩን ቀስ ብላ አወጣች፣ እንደገናም ደገመችው፤ ከዚያም በዚያው በለዘበ ድምፅ "አስነሳና ስፖኪዮህን አይተህ ግባ" አለችው። አደባባዩን አለፉ። አሮጊቷ ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ይመስላቸው ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከልባቸው አከበሯት። ፍርሃቷ እንደ ማንም ሰው ፍርሃት ነው። ከእነ ፍርሃቷ ሥራዋን የምትሠራበት መላ ግን በብዙ ልፋት የተማረችው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ምስጢር ከሻዩ አልቀሩም። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ አፏን ስትከፍት "አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም!" እያሉ ያቋርጧት ነበር።

"እሱን ሐኪሙ ይንገረኝ" አለቻቸው። "እርስዎ ብቻ ይስሙኝ።"

መስማትማ የኖሩበት ሙያ ነው። እጃቸውን እጇ ላይ አድርገው ሰሙ።

የውጤቱ ቀን ደረሰ። ባለቤቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ሊተውት በማይችል ሥራ ላይ ስለነበር፣ አብረዋት የገቡት አክስቷ ናቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ፣ "የወሰድነው ናሙና በቂ ሆኖ አልተገኘም። ይቅርታ እየጠየቅን እንደገና መውሰድ ይኖርብናል" አለ።

ወደ ኮሪደሩ እንደወጡ ልጅቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "እንደገና መጠበቅ አልችልም አክስቴ፤ አቅም የለኝም" ብላ አለቀሰች። በልፋት የተማረችው መላ ሁሉ ከእጇ የወደቀ መሰለ።

እትዬ ምስጢር "ዝም በይ፣ ሰው ያያል" አላሏትም። "አልቅሺ የኔ ልጅ፤ እኔ እዚሁ ነኝ" ብለው ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ጥቂት ቆይተው ወደ ነርሷ ቀረቡና፣ በኮሪደሩ ላይ ያለ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ልጄ የጡት ካንሰር ታማ የዳነች ናት። ይህ ሁለተኛው ናሙና መቼ ይወሰዳል? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል? እስከዚያ ቢያማት ለማን ነው የምንደውለው?" ብለው ጠየቁ። ነርሷ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። የበሽታውን ስም ከአፋቸው ሲያወጡት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር፤ ጣሪያው አልተናደም።

ሁለተኛው ናሙና ተወሰደ፤ ሻዩም ቀጠለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ክትትሉን ማቋረጥ እንደሌለባት ነገራቸው።

ይህ ከሆነ በኋላ አንዲት ጎረቤታቸው እትዬ ምስጢርን አግኝታ፣ "የእናንተስ በደህና አለፈ፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ማውራት ምን ይጠቅማችሁ ነበር?" አለቻቸው።

"ያኔማ ይበልጥ ይጠቅመን ነበር" አሉ እትዬ ምስጢር። "ሐኪሙን ስትሰማ የእኔም ጆሮ አብሯት ነበር። በጭንቀት ተዘግታ ብትቀመጥ ኖሮ ጉልበቷ ያልቅ ነበር፤ እሷ ግን በልታ፣ ተኝታ፣ ሥራዋን ሠርታ ጠብቃዋለች። ባሏ የምትፈራውን ያውቃል፣ እሷም ከጎኗ ማን እንዳለ ታውቃለች። መጥፎ ዜና ቢመጣ ኖሮ የሚያገኛት እንዲህ ሆና ነበር፤ ያለፈው ጊዜ ግን ያገኛት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። ለዚያም አጥሩን የሠራሁት እኔው ነኝ።"

ጎረቤቲቱ የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀመጠች። ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ማየቱን ተወችው።

"እህቴም ናሙና ልትሰጥ ሐሙስ ቀጠሮ አላት" አለች። "ለማንም አልነገርንም።"

"ለማን መንገር እንደምትፈልግ እሷን ጠይቂያት" አሉ እትዬ ምስጢር። "እኔን ከፈለገችኝ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"