ማሊያ አጣቢዋ የመረጡት

ወደ ኦሮራ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ አንድ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ጋዜጣ ያሳያቸዋል።

«እትዬ፣ የዘንድሮ ምርጥ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ራንኪንግ ወጣ። መቼም ማሊያቸውን የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት፣ ያውቋቸዋል።»

«አንደኛ ማንን አሉ?»

«ኳርተርባኩን፣ ኳስ ወርዋሪውን።»

«የእሱ ማሊያ እኮ ብዙም ሳይቆሽሽ ነው የሚመጣልኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ማንን ይላሉ?»

«ከፊቱ ቆሞ የሚከላከልለትን ልጅ። የሱን ጭቃ ሦስቴ አሽቼም አይለቅልኝም።»

«እሱ እዚህ ላይ የለም።»

«በመጀመሪያዎቹ አስር ውስጥም?»

«ሃምሳውንም አየሁ፣ የለም።»

«እንግዲህ ጋዜጠኞቹ ልብስ አያጥቡም።»

የሥራ ሱሪዬ ላይ ያለውን የቅባት እድፍ የሸፈንኩበትን ቦርሳ ከጭኔ አንስቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።