የጋሽ ዳንጊሶ ሰላምታ

ኳስ እንደምወድ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ መምህርት ዲኤስቲቪ ቤት ገብታ ስትጮህ ያሳፍራል ብዬ ተደብቄ በስልኬ ነው የማየው። ታዲያ የምደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሐዋሳ መጣና አስተርጓሚው ሆንኩ። ሐይቅ ዳር ባረፈበት ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ዳንጊሶ፣ «እንኳን ደህና መጡ በይልኝ» አሉኝ። በራሴ ስም መጠየቅ ስላፈርኩ፣ «አጥቂያችንን ለምን ሸጡት? ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ሰውየው ደነገጠ። አጠገባቸው ተቀምጦ ብዙ አወራ፤ የክለቡ ባለቤቶች አስገድደውት እንደሸጠው፣ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቹ እንኳ ሰላም እንደማይሉት ነገራቸው።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ዳንጊሶ።

«አመሰግናለሁ ነው ያለው።»

«ይህን ሁሉ?» አሉና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አይ ልጄ፣ ይሄ ሰው አገሩ ላይ ሰላም የሚለው አጥቷል!»

ይህችን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩለት።