ልባቸውን ለተማሪ ያስደመጡት ሹፌር፣ አቶ አስፋው ወርቁ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ ከቀወት ቀበሌዎችና ከአሊዩ አምባ ድረስ በዚህ ሙቀት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እንዲሁም ነጭ ጋዋናችሁን እንደለበሳችሁ ከሆስፒታል በቀጥታ የደረሳችሁ ልጆቻችን፤ የአቶ አስፋው ወርቁን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት የባለቤታቸው ወንድም ደሳለኝ ነኝ። እርሳቸው ለቅሶ ቤት ገብተው ሰው ሳያስቁ ወጥተው አያውቁምና፣ ዛሬም በመካከል ፈገግ የሚል ቢኖር እንዳይሸማቀቅ አስቀድሜ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

አቶ አስፋው ከአባታቸው ከአቶ ወርቁ ተመስገንና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ይፍሩ በ1946 ዓ.ም. ከአንኮበር ግርጌ በምትገኘው በአሊዩ አምባ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ስለነበሩ ልጅነታቸው በገበያ መካከል ያለፈ ሲሆን፣ ከአርጎባውም ከኦሮሞውም ጋር በየቋንቋው መጫወት የለመዱት ያኔ ነው። አብሮ አደጋቸው ሐጂ አንዋር ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠው እንደሚመሰክሩት፣ አስፋው ቋንቋውን ከመልመዳቸው በፊት ቀልዱን ይለምዱ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ጀምረው፣ አጎታቸው ዘንድ ደብረ ሲና ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በእነዚያ ዓመታት ጉሮሮአቸውን ደጋግሞ እያመማቸው፣ ጉልበትና ክርናቸው እያበጠ ከትምህርት ገበታ ይቀሩ ነበር፤ ሕመሙ ልባቸው ላይ ምልክት ትቶ እንዳለፈ ግን ያን ጊዜ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ትምህርታቸውን እንዳቋረጡ ከጭነት መኪና ረዳትነት ተነስተው መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ቀጥሎም ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ለረጅም ዘመን በሹፌርነት አገለገሉ። ጣርማ በር ላይ በብርድ የተኮማተረውን መንገደኛ እያጫወቱ ቁልቁለቱን ያወርዱትና፣ ቆላው ወበቅ ሲቀበለው «ጋቢህን አውልቅ፣ አገርህ ገብተሃል» ይሉት ነበር።

እህቴን ወ/ሮ ሙሉን ያገኟቸውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እህቴ ከቀወት ማሾ አስጭነው ወደ ደብረ ሲና ገበያ ሲሄዱ አይተው ወደዷቸውና ሽማግሌ ላኩ። አባታችን ግን «የሹፌር ቤቱ መንገድ ነው፤ ልጄን ለመንገድ አልድርም» ብለው መለሱ። አቶ አስፋውም «መንገዱ እኮ በእርስዎ ማሳ ጥግ ነው የሚያልፈው፤ እንግዲያው ጎረቤትዎ ነኝ» የሚል መልስ በሽማግሌዎቹ ላኩ። ከዚያ በኋላ በማሳው ባለፉ ቁጥር አውቶቡሱን አቁመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አባታችንን እጅ ይነሱ ጀመር። ተሳፋሪው መጀመሪያ ቢያጉረመርምም፣ ነገሩን ሲሰማ አብሮ እየወረደ ያማልድላቸው ነበር። አንድ የገበያ ቀን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ማሳው ዳር ተሰልፎ እጅ ሲነሳ ያዩት አባታችን፣ «ማሽላዬን ረግጣችሁ ከምትጨርሱት ውሰዷት!» አሉ። ጋብቻውም በ1972 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተፈጸመ፤ ራሔልንና እዮኤልንም ወለዱ።

ጡረታ ወጥተው ሸዋ ሮቢት በተቀመጡበት ዘመን የከተማችን ሆስፒታል የሕክምና ተማሪዎችን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። ያን ሰሞን «ተማሪ ሊለማመድብን ነው» የሚል ወሬ ከባጃጅ ተራ እስከ ቀወት መንደሮች ተናፍሶ፣ እናቶች ለወሊድ መምጣት እስከ መፍራት ደርሰው ነበር። እውነቱን መናገር ይገባልና፣ ከአውሪዎቹ ሁሉ ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማው አቶ አስፋው ነበሩ። «እኔ መለማመጃ መኪና አይደለሁም፤ በእኔ ላይ መንጃ ፈቃድ አይወጣም!» የሚለውን ንግግራቸውን ያልሰማ ያልሳቀም የሮቢት ሰው ጥቂት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ራሔል የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደዚሁ ሆስፒታል ገባች። አቶ አስፋው በማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ቆመው ተለማማጅ ሐኪሞች እንዳይገቡ ከለከሉ። ሕፃኗ በሰላም ብትወለድም የራሔል ደም አልቆም አለ። ሐኪሞቹ የነበረውን ደም ሰጥተው ተጨማሪ ከደብረ ብርሃን ቢያስጭኑም፣ አቶ አስፋው ዕድሜያቸውን በሙሉ የነዱበትን መንገድ ጣርማ በር አጠገብ ናዳ ዘጋው። ዘመድ ሁሉ ደም ልስጥ ቢል አንዱ አይገጥምም፣ ሌላው በዕድሜ ይመለሳል፤ እዮኤልም በሩቅ አገር በሥራ ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ከደጃፍ የተባረሩት ተማሪዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ደማቸው የገጠመው እየተጋደሙ ሰጡ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያዋ ሪሀና የምትባል የአርጎባ ልጅ ነበረች። ናዳው ተጠርጎ መኪናው ሲደርስ ራሔል ዓይኗን ገልጣ ልጇን ታጠባ ነበር።

በማግስቱ አቶ አስፋው የሆስፒታሉን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ሪሀናን አገኟት። «ልጄ፣ ትናንት ከበር መልሼሻለሁ፤ አንቺ ግን ልጄን ከሞት መለስሽልኝ። ደም እንዳልሰጥ ዕድሜዬ ከለከለኝ፤ የሚረባችሁ ሌላ ነገር ካለኝ ንገሪኝ» አሏት። እርሷም አተነፋፈሳቸው አላምር ብሏት «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ልብዎን ላድምጥ» አለች። አድምጣም ፊቷ ተለወጠ፤ «እንዲህ ያለ ድምፅ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ ሰምቼ አላውቅም፤ መምህራችንን ልጥራ» አለቻቸው። እርሳቸውም «ምነው፣ ሞተሩ ያንኳኳል እንዴ?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት።

በምርመራ ያ የልጅነት ሕመም የልባቸውን በር እንዳጠበበው ታወቀ። አዲስ አበባ ድረስ ተልከው ቀዶ ሕክምናው ለእርሳቸው እንደሚከብድ ስለተነገራቸው በመድኃኒት መቆየትን መረጡ። መምህሩ ተማሪዎች እንዲያደምጧቸው ፈቃዳቸውን ቢጠይቋቸው ከልባቸው እሺ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ተላጭተው ይሄዱ ነበር። ሰላም ሳይል ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ የሚያሳርፈውን «ተመለስ፣ መንጃ ፈቃድ የለህም» ብለው ከበር ሲያስጀምሩት፣ ስሙን ተናግሮ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ብረቱን በመዳፉ አሙቆ የመጣውን ደግሞ «እለፍ» ይሉት ነበር። ከዚህም አልፈው ከሐጂ አንዋር ጋር ከገበያ ገበያ፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ፈርቶ የቀረውን በሽተኛ በባጃጅ አስጭነው ያመጡ ነበር። «ደረቴን ስንቱ ተማሪ ሰምቶት አላለቀም፤ ያንቺም አያልቅም» ብለው ያሳመኗት ነፍሰ ጡር ዛሬ መንታ ልጆቿን ይዛ እዚህ ቆማለች።

ከዓመታት በኋላ ሪሀና የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆና ወደ ሆስፒታላችን ስትመለስ፣ ሕመማቸው የጠናባቸውን አባቷን ለማስታመም በቃች፤ አባቷ የምለው እርሷ ራሷ ስለምትላቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል እንደተኙ አዲስ ተማሪዎች መጥተው ደክመው ቢያዩዋቸው ከበር ቆሙ። እህቴም «ዛሬስ ይረፍ፣ ተዉት» ቢሏቸው፣ አቶ አስፋው ዓይናቸውን ገልጠው «ሙሉዬ፣ ይግቡ፤ ይህን ድምፅ ነገ ከየት ያገኙታል?» አሉ። ስታደምጥ እንባዋ የመጣባትን አንዲት ተማሪም እጇን ይዘው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ በደንብ ስሚው። ቀወት ባለ ገበሬ ደረት ላይ ስታገኚው ታውቂዋለሽ» አሏት። ትናንት ማለዳ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ከሆስፒታሉ እስከዚህ ደብር አስከሬናቸውን የተሸከሙት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ዕድራችንም ወጉ የእኛ ነው ብሎ አልተከራከረም።

አቶ አስፋው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሙሉን፣ ልጆቻቸውን ራሔልንና እዮኤልን፣ በዚያ ክረምት የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን ቤተልሔምን፣ ወንድም የሆኗቸውን ሐጂ አንዋርን፣ የታመመ ልብ ምን እንደሚል በእርሳቸው ደረት ላይ ሰምተው በየአገሩ የተሰማሩ ሐኪሞችን፣ የእነዚያም ሐኪሞች ጆሮ ደርሶላቸው የሚድኑ፣ ስማቸውን የማናውቅ ብዙ ሰዎችን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለተማሪዎቻችን ማስተዋልን ይስጥልን፤ ልባቸውን ለሁሉ እንደከፈቱ የመንግሥቱን በር ይክፈትላቸው። አሜን።