የክር ቀጣይዋ ግራ እጅ

ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አጠገቡ ለተቀመጡ አንዲት እናት ብሶቱን ይነግራቸዋል።

«ባለፈው ሳምንት በፒንግ ፖንግ ተሸነፍሁ፣ እማማ።»

«እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ትንሽ ኳስ ጠረጴዛ ላይ እየመቱ መመላለስ ነው። በፋብሪካው ከእኔ የሚቀድም አልነበረም። ይታይሽ የምትባል ክር ቀጣይ አሸነፈችኝና ለአብዮት በዓል ውድድር አዲስ አበባ የምትሄደው እሷ ሆነች።»

«በምን አሸነፈችህ?»

«እኔ በኃይል እመታለሁ። እሷ አትመታም፤ የተበጠሰ ክር እንደምትቋጥር ሁሉ ቀስ አድርጋ ትመልሳታለች። እስክሳሳት ድረስ አትሰለችም። ደግሞ ግራኝ ናት፤ ኳሷ በየት እንደምትመጣ አይታወቅም።»

«ግራ እጇን እስካሁን አልተወችም?»

«ያውቋታል እንዴ?»

«እናቷ ነኝ። በግራ መብላት ነውር ነው እያልሁ፣ እጇን በዚህ መቀነት አስሬ ነው ያሳደግኋት።»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም።»

«የምን ይቅርታ ነው? ለኳስ አዲስ አበባ ልሂድ ብላ ብትልክብኝ፣ አይሆንም ልላት ነበር የመጣሁ።»

«አሁንስ ምን ሊሏት ነው?»

እናቲቱ መቀነታቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ሻንጣዋን ትሰርበት።»

እኔም ጋቢዬ ውስጥ ደብቄው የቆየሁትን ግራ እጄን አውጥቼ የፊቴን ወንበር ያዝሁበት።