ባለቤቱን የመለሰ በር

ከኪዳነ ወልድ አፍ ቃል ከሚወጣ ከደረቅ ዓለት ውሃ ቢፈልቅ ይቀላል ይሉታል። ዛሬ ግን ተናገረ። ልጁ ዮፍታሄ ጥግ ይዞ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቷል፤ ጓሳ ከሚባለው የአገሩ የጋራ ሜዳ የጣሪያ ሣር ለማጨድ ምዝገባው በስልክ እንዲሆን ድረ ገጹን የሠራው እሱ ነው። ምዝገባው ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋል። ጣሪያቸው የሚያፈሰው ጎረቤታቸው እትዬ ተሾመች፣ «ላክ»ን ከጧት ጀምረው ቢጫኑ እንቢ ብሏቸው፣ ስልካቸውን ይዘው መጥተዋል። ኪዳነ ወልድ ልጁን አላየውም። ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ።

«ቤት ለእንግዳ፣ እትዬ፤ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ገብሱስ? ደግ... ጣሪያውስ አሁንም ያንጠባጥባል? ምን ችግር አለው! ሣር በስልክ ከተያዘ፣ ጣሪያም በስልክ ይከደን ይሆናል...

አንድ የተማሩ ሰው አሉ አሉ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የከረሙ፣ እግዜር ይጠብቃቸው! በእሳቸው ገጽ ላይ ስምዎን ይጽፋሉ፣ ጎጥዎን ይጽፋሉ፣ «ላክ» ይላሉ፤ ገጹ ብልጭ ይልና ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። አቤት ንጽሕና! እኔ ስድስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ስድስት ጊዜ እንዳልተወለድኩ ሆንኩ።

ምክንያቱን ሲናገሩ ሰማሁ። ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግን ገባኝ። ሌባ እንዳይገባ ለገጹ ጠባቂ አቆሙለት፤ «እኔ ከማውቀው ፋይል ካልመጣ የማንንም ትእዛዝ አትቀበል» አሉት። መልካም! ከዚያ «ላክ ሲባል ስሙን ተቀብለህ አድርስ» የሚለውን የገዛ ትእዛዛቸውን ፋይሉ ውስጥ እንደማኖር፣ ቅጹ ላይ እንደ ክታብ አንጠልጥለውት ሄዱ። ጠባቂው ምን ያድርግ? ታማኝ ነው፤ «አላውቀውም» አለ። ትእዛዙ ሲታገድ፣ ገጹ በራሱ ልማድ ታድሶ የጻፍነውን ጠራረገው።

አባቴ የጓሳ አለቃ ሳሉ፣ ጓሳው በተዘጋ ወራት በቅሎ ጠፍታባቸው በአቋራጭ ቢገቡ፣ ራሳቸው ያቆሙት ጠባቂ ይዞ መለሳቸው። ምን አደረጉ? መረቁት፤ ከዚያ ዞረው፣ አስፈቅደው በወጉ ገቡ። ዛሬ ግን «ጠባቂውን ላንሳውና ሁሉም ይለፍ» የሚል ሰው አለ አሉ... ጎበዝ! በሩ እንቢ ካለ አጥሩን ማቃጠል! የአገሩ ስምና ስልክ ለሌባ ቢሰጣ ምን አለበት? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ነበር የሚባለው፤ ዘንድሮ ባለቤቱ ራሱ ውጭ ቀርቶ ይነቀንቃል።

ይኼ ቋ ቋ የሚለው ምንድን ነው? አይጥ ነው? ይተዋት፣ እትዬ... ትእዛዙን ከቅጹ አውርዳ ወደ ፋይሉ የምታጓጉዝ ብልህ አይጥ ትሆናለች። ጠባቂውንም አልነካችው። እስቲ አሁን ይጫኑ። «ተመዝግበዋል» አለ? እልል ይበሉ! አጨዳው ቅዳሜ ነው፤ ማጭድዎን ይሳሉ።

በሉ እኔም ልመርቅ። ያን ሰው እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ወንበራቸው ይስፋ። ስማቸው በሕይወት መዝገብ ይጻፍላቸው... ብቻ መዝገቡን የሠራው ሌላ ሰው ይሁን። አሜን ይበሉ፣ እትዬ።»