ጋሪ የሚጎትተው ሽማግሌ

ሐጂ ሙትወሊ ዝናብ ባያባርራቸው ኖሮ ያን ሥዕል አያዩትም ነበር። የእስክንድርያ የክረምት ዝናብ ከባሕር በኩል ድንገት ይነሣና መንገደኛውን ሁሉ ያገኘው ደጃፍ ሥር ያስጠልለዋል። እሳቸውንም ከመሕሙዲያ ቦይ ድልድይ አጠገብ ከአንድ ባቄላ ሻጭ በረንዳ አስጠጋቸው።

ሐጂ የዘጠኝ ጋሪ ጌታ ናቸው። አርባ ዓመት ጥጥ ከመጋዘን ወደ ወደብ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ፣ ድኻን የማይገፉ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ለፈረስና ለበቅሎ ግን አንጀት የላቸውም።

በረንዳው ላይ የተጠለለው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት እያየ ይንከተከታል። ሐጂ ጠጋ አሉ። በሥዕሉ ላይ ፈረስ ቀይ የጠርቡሽ ቆብ ደፍቶ ጋሪ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ በአንድ ሰኮናው ሺሻ፣ በሌላው አለንጋ ይዟል። ከፊቱ ጢሙ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ወፍራም ሽማግሌ ልጓም ጎርሶ፣ ምላሱን ጎልጉሎ ዳገቱን ይጎትታል። ከሥሩ፣ «ሂድ እንጂ፣ ሰነፍ! ትናንት እኔ እችለው አልነበረም?» ይላል።

ባቄላ ሻጩ ሐጂን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ሌሎቹም ዝም አሉ። የሥዕሉ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ከሳቁ ይልቅ ዝምታው ነገራቸው።

«ማነው ይህን የሣለው?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸው ወደ ተጠማዘዘው ጢማቸው እየሄደ። «ማነው ይህ ባለጌ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ ሐጂ» አለች አንዲት የተማሪ ደብተር የታቀፈች ወጣት። «ኢንሳፍ እባላለሁ፤ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ።»

ሐጂ ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «አስተማሪ! ሽማግሌ መስደብ ነው የምታስተምሪው?»

«ስምዎን አልጻፍኩም። ጢም ያለው ሰው በከተማው ሞልቷል። እርስዎ ነዎት ራስዎን ያገኙት።»

ሰው የሌላውን ፊት ሲያይ ይውላል እንጂ የራሱን ማየት አልተሰጠውም፤ መስታወት ሲቀርብለትም በመስታወቱ ይቆጣል። ያለፈው ሐሙስ በዚሁ ድልድይ ዳገት አለንጋውን ከነጂው እጅ ቀምተው ግራጫውን ፈረስ የገረፉት እሳቸው ነበሩ። አሥራ አራት ጥቅል ጥጥ ተጭኖበት ነበር። ፈረሱ ተንበረከከ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ጋሪው ወደ ኋላ ሲንሸራተት የነጂውን የዚዳንን እግር ሰበረው።

«ጥፋት ካየሽ ቤቴ መጥተሽ አትነግሪኝም? ሰው በአደባባይ ይዋረዳል?»

«አባቴ ነግሮዎታል። አሥራ ስድስት ዓመት የእርስዎን ጋሪ የነዳው ዐብደልመውላ።»

«የዐብደልመውላ ልጅ ነሽ?» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ነፍሱን ይማረው።»

«አሜን። ‹ጭነቱ ይቀነስ፣ እንስሳቱ አለቁ› ሲልዎት፣ ‹ካዘንክላቸው አብረህ ገለባ ብላ› አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ያን ቀን የተሳቀው በደካማው ላይ ነበር፣ አባባ። እኔ ሳቁን ወደ ጉልበተኛው አዞርኩት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?»

ሐጂ አሰቡና እንደ ነገር አዋቂ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይሁን። እኔ ፈረሱን በአለንጋ መታሁ፤ አንቺ እኔን በቀለም መታሽኝ። እስቲ ልዩነቱን ንገሪኝ!»

ሰዉ ወደ ኢንሳፍ ዞረ። ጥያቄው ልክ መሆኑን እሷም ዐወቀች።

«ያማል፤ እንደሚያምም ዐውቄ ነው የሣልኩት» አለች። «ፈረሱ ግን አለንጋውን ከእጅዎ መቀማት አይችልም። የእኔን ወረቀት እርስዎ አሁኑኑ መቅደድ ይችላሉ። ይኸው፣ አልከለክልዎትም።»

ሐጂ የወረቀቱን ጫፍ ያዙ። በዚያው ቅጽበት ከድልድዩ ጩኸት ተሰማ። የራሳቸው ጋሪ ነው! ሁለቱ በቅሎዎች በረጠበው ድንጋይ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ነጂው ባስዩኒ አለንጋውን አነሣ።

«ኧረ ተው፣ አንተ ሰው!» አለች ዓሣ ሻጭ ሴት ከማዶ። «ኋላ እንደ ሥዕሉ አንተን ጠምደው እንዳይነዱህ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የባስዩኒ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያም አፍሮ ቀስ ብሎ ወረደ። ሐጂ ይህን በዓይናቸው አዩ። ስንት ስብከት፣ ስንት የፖሊስ ግሣጼ ያላወረደውን አለንጋ አንድ ወረቀት አወረደው። ወረቀቱን ለቀቁና ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

«አውርድ!» አሉ።

«ምኑን፣ ሐጂ?»

«ከአሥራ አራቱ ጥቅል ስድስቱን!»

«ጥጡ ይበሰብሳል እኮ!»

«ሸራ አልብሰው! ደግሞ አትከራከረኝ፤ ዛሬ ክርክር በቅቶኛል።»

ጥቅሎቹ ሲወርዱ ሐጂ ትከሻቸውን ከመንኮራኩሩ ጋር አጋጥመው ገፉ። ጢማቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ ምላሳቸው ወጥቶ፣ ቁና ቁና ሲተነፍሱ ከበረንዳው ሰዎች አንዱ አንዴ ወደ ግድግዳው ሥዕል፣ አንዴ ወደ እሳቸው እያየ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሐጂ ዘወር ብለው አዩት። «ሳቅ እንጂ፣ ምን ይዞሃል!» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐጂ ጋሪ ላይ ከስምንት ጥቅል በላይ አልተጫነም፤ በዳገቱም ላይ እንዳያንሸራትት አሸዋ ይበተን ጀመር። እስከ በጋ አንድም እንስሳ አልሞተባቸውም። መንኮራኩር መሰባበሩ ቀነሰ፤ ነጂዎች በጊዜ ቤታቸው መግባት ጀመሩ፤ ለፈረስ መራራት የጀመረ አፍም በሚስትና በልጅ ላይ መጮኹን ቀነሰ። ዚዳንም እግሩ ሲያገግም የጋጣው ኃላፊ ሆነ። ለእንስሳ የተደረገ ምሕረት ሰውን አልፎ እንደማይሄድ ሰፈሩ ሁሉ አየ።

የቀሩት የጋሪ ባለቤቶች ግን ሥዕሉ አንገብግቧቸው ኢንሳፍን ከሥራዋ ለማስባረር ለርእሰ መምህርቷ አቤቱታ ጻፉ። አቤቱታው በሚታይበት ቀን ሐጂ ሙትወሊ ንጹሕ ጀላቢያ ለብሰው ሳይጠሩ ገቡ።

«እርስዎም ከከሳሾቹ ነዎት?» አለቻቸው ርእሰ መምህርቷ።

«ከሳሽ ካለማ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «እኔ ግን ለምስክርነት ነው የመጣሁት። እነዚህ ሰዎች ተሰደብን ይላሉ። ማንም አልሰደባቸውም፤ ታዩ እንጂ! እኔ ስታይ አርባ ዓመት ዘግይቶ ነበር። ይህችን ልጅ ካባረራችኋት ለእነሱ ማን ይድረስላቸው?»

ከሳሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ርእሰ መምህርቷ አቤቱታውን አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ኢንሳፍን፣ «ወደ ክፍልሽ ሂጂ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል» አለቻት።